አራተኛው ቀዳዳ

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከዘንባባው ጥላ፣
አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ሌላ
ወንበር ለባለጉዳይ። ማመልከቻ እጽፋለሁ።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ እጀምራለሁ።
የሰው አጥር፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ፍቺ በጣቴ ሥር ያልፋል፤
ሁሉም ግን አስቀድሞ ከአንዲት ጥቁር ሳጥን ደጅ ይሰለፋል፦
የሳሙና ግማሽ የምታክል፣ ዩኤስቢ ሀብ የምንላት፣
አራት ቀዳዳ ያላት።
አንዱ ለኪቦርዱ፣ አንዱ ለማተሚያው፣ አንዱ ለፍላሹ፤
አራተኛው ለደንበኛ፣ ስልካቸውን ቻርጅ እያደረጉ እንዲያወጉ፣ እንዳይሸሹ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ የደቅ ሰው፣ ጀልባ ሊያመልጠው፣
ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሣ፤ ገመዱን ረሳው።
ቀጭ አለ፣ እንደ ደረቅ ቄጠማ።
ይቅርታም አለ፣ እግዜር ይስጥልኝም አለ፣ ሄደ።
የቀዳዳው አፍ ተንጠለጠለ፣ ሥሩ ተቀደደ፤
አንዱ እግር ተጠማዞ ሌላውን ነካ፣
በአንዱ ጥፋት ሦስቱም፣ ያለ ዋስ፣ ታሠሩ።

አዲስ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤
አሥራ አንድ ማመልከቻ ነው፣ ሰው ከከፈለ፤ ብዙው አይከፍልም።

ማታ ቤት ወሰድኋት።
አባቴ ከደጅ፣ መረቡን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
አምባዛ የቀደደውን ይጠግናል፣ መርፌውን ነክሶ፣ ክሩን ጎትቶ።
ስለ አባቴ ሰው ሲጠየቅ «ደኅና ሰው ነው» ብሎ ያልፋል፤
በሃያ ስድስት ዓመት የነገረኝን ብተይበው፣ ግማሽ ገጽ ባዶ ይተርፋል።

መበየጃውን ከራዲዮ ጠጋኙ ከእንየው ተዋስሁ፤
ጫፉ የጠቆረ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ። ሰካሁ፣ ጠበቅሁ፣
በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግሁት፤ ችስስ አለ።
ሊዱ ነካው፣ ቀለጠ፣ የዓሣ ዓይን አከለ።
የድሮውን ብየዳ አነሣሁ፣ የተጣመመውን አፍ አቀናሁ፣
አራቱን እግር ወደየቤቱ መለስሁ።
ከዳር ያሉት ሁለቱ መብራት ይሸከማሉ፤ ጠብታ ሰጠኋቸው፣ ያዘ።
የመሃሎቹ ወሬ ያመላልሳሉ፤ እነሱ ላይ ስደርስ እጄ ደነዘዘ።
ገፋሁት።
አባቴ፣ ቀና ሳይል፣ ከመረቡ ውስጥ፦
«አትግፊው። ይምጣ።»

ይኸው ነው። ለዚያ ገጽ ሁለት ቃል ጨመርሁ።
እጄን አላላሁ፤ ሙቀቱ ይሥራ ብዬ ተውሁ።
ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።
ከተማው ሁሉ እንደ ታንኳ ተደፋ።
ጉማሬ ከማዶ ሲያጉረመርም ተሰማ፣
የጎረቤት ጀኔሬተር ሳይነሣ፣ በዚያች በአጭር ጨለማ።
ብረቱ ግን ገና ትኩስ ነው፤
መብራት መጥፋቱን ብረት ቶሎ አይሰማም።
አባቴ መርፌውን ከጥርሱ አወጣ፣ በምትኩ የእጅ ባትሪውን ነከሰ፤
ሌሊት ሐይቅ ላይ የሚይዘው ብርሃን ጣቶቼ ዘንድ ደረሰ።
ሦስተኛው እግር ተያዘ። አራተኛው ላይ ብረቱ በረደ፤
ሊዱ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ጭቃ፣ እዚያው ረጋ፣ አልወረደ።

እስኪመጣ ተቀመጥን። ምን እንነጋገር?
ትንኝ ነበር። ከሐይቁ ነፋስ ነበር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጣ።
የምስር ፍሬ የምታክል ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ አለች።
ኪቦርዱ ይጽፋል። ማተሚያው ያጓራል። ፍላሹ ይከፈታል።
አራተኛው ላይ ስልክ ሰካሁ፤ ይሞላል።
ፍላሽ ሰካሁ፤ ዝም።
ያበላል፣ አያወራም።
አባቴን አየሁት። አንቀላፍቷል፤ መረቡ ከጉልበቱ አልወረደም።
እንደገና ልበይደው ብዬ ነበር፤
እንየው ብረቱን በማለዳ ይፈልገዋል አልሁ ለራሴ።
ሰበብ ነው።

ሐሙስ የደቁ ሰው መጣ፤ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።
ስልኩን አወጣ። «ለቻርጅ ብቻ» ብዬ በነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤
እሱ መነጽሩን ጀልባው ላይ ረስቷል።
«ይሠራል?» አለኝ።
«ይሠራል» አልሁት። «ብቻ ሲነሡ አይጎትቱት።»